ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት

ባለፈው መጋቢት ነው። ቀትር ላይ ከሜክሲኮ ወደ ሣሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ተጠቅጥቀን ተቀምጠናል። ጣሪያው ይፋጃል፤ የወንበሩ ፕላስቲክ ከጀርባ ጋር ይጣበቃል። አጠገቤ የተቀመጡ ሸበቶ አዛውንት አንገታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ መስኮቱ ዘንድ ወዳለችው ወይዘሮ ዞሩ።

«ልጄ፣ እስቲ መስኮቷን ገርበብ አድርጊልን።»

«አባባ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ንፋስ ይመታኛል» አለች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ እየሳበች።

«ኧረ ንፋሱስ የት አለና! እኛ ልጆች ሳለን እዚህ ከተማ በመጋቢትም ጋቢ አይወልቅም ነበር። ፀሐይዋም እንደ ሰዉ ከፋች መሰለኝ።»

ረዳቱ በሩ ላይ ሆኖ ሲሰማ ኖሮ፣ «ፋዘር፣ ፀሐይዋማ ያችው ናት። ዕድሜ ነው!» አለ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። አዛውንቱም አብረው ሳቁ። መስኮቱ ግን አልተከፈተም።

ነገሩ በሳቅ ታለፈ እንጂ ጥያቄው የሚሳቅበት አልነበረም። ማን ነው ልክ? «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ያሉት አዛውንት ናቸው ወይስ «ድሮም ያው ነው» ያለው ረዳት? ደግሞስ የዚያች ወይዘሮ ፍርሃት ከየት መጣ? እርሷ እንኳን ብቻዋን አይደለችም። የደጋ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚፈራው ብርድን ነው። «ብርድ መታው»፣ «ንፋስ መታው» እንላለን። ፀሐይን የምንከስበት በሽታ ቢኖር ምች ነው፤ እርሱንም በዳማከሴ እንሸኘዋለን። ሙቀት ሰውን ገድሎ ለቅሶ ተቀመጥን ሲባል ግን አንሰማም። ንዳድና ሐሩር የቆላ ጣጣ ነው ብለን ከደጋችን ላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ ኖረናል።

ትዝታ ቴርሞሜትር አይደለም። ስለዚህ አዛውንቱንም ረዳቱንም ለጊዜው እናቆያቸውና መዝገቡን እንጠይቅ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው የአየርን ሙቀት በመሣሪያ እየለካ መጻፍ ከጀመረ ብዙም አልቆየም። ሳይቋረጡ ከዘለቁት መዝገቦች ረጅሙ የማዕከላዊ እንግሊዝ ነው፤ ከ1659 ይጀምራል። ዛሬ የምንጠቀምበትን መለኪያ ያወጣው ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ በ1742 ሲጀምር ውኃ የሚፈላበትን ዜሮ፣ በረዶ የሚሆንበትን መቶ ብሎ ነበር፤ ቆይቶ ነው የተገለበጠው። የዓለምን አማካይ ሙቀት ለመገመት የሚያስችል ያህል ጣቢያ የተገኘው ደግሞ ከ1850 ወዲህ ነው። እንግዲህ ስለ ሙቀት ታሪክ በቁጥር ስንናገር በአብዛኛው የምናወራው ስለ መቶ ሰባና መቶ ሰማንያ ዓመት ነው።

ቁጥርም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም። በሊቢያ አል አዚዚያ በምትባል ስፍራ በሴፕቴምበር 1922 የተመዘገበው 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለዘጠና ዓመት «የዓለም ከፍተኛው ሙቀት» ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ተሸምድዷል። በ2012 የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ባለሙያዎች የድሮውን መዝገብ ገልጠው ሲመረምሩ፣ ቁጥሩን የጻፈው ልምድ የሌለው ሰው ሳይሆን እንዳልቀረና መሣሪያውንም አሳስቶ እንዳነበበው ደረሱበት። ሰረዙት። ክብሩም በጁላይ 1913 በአሜሪካ የሞት ሸለቆ ለተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ተመለሰ። ይህን የማነሳው ለምን መሰላችሁ? «ሳይንቲስቶቹ ሙቀት ጨመረ ለማለት ቁጥር ይጎትታሉ» የሚል ሐሜት አለ። እነዚሁ ሰዎች ግን የዓለምን ትልቁን የሙቀት ቁጥር በገዛ እጃቸው ሰርዘዋል።

ረዳቱ ከእውነት ድርሻ አለው። ድሮም ኃይለኛ ሙቀት ነበረ። በ1936 በጋ አሜሪካንን የመታው ሙቀት በብዙ ግዛቶች እስከ ዛሬ አልተደፈረም፤ ለክረምት በረዶዋ በምትታወቀው ሰሜን ዳኮታ እንኳ 49 ዲግሪ አልፎ ነበር። ነገር ግን የዘመናችን ለውጥ ያለው በአንድ ቀን ክብረ ወሰን ላይ አይደለም፤ በድግግሞሹ ነው። በመንግሥታቱ ድርጅት ሥር ያለው የአየር ንብረት ባለሙያዎች ጉባኤ በ2021 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በሃምሳ ዓመት አንዴ ይመጣ የነበረ ኃይለኛ ሙቀት፣ ዓለም በአንድ ዲግሪ ስትሞቅ በዚያው ሃምሳ ዓመት አምስት ጊዜ ያህል ይመጣል። ጭማሪው ሁለት ዲግሪ ከደረሰ ወደ አሥራ አራት ጊዜ ይጠጋል። አያት በዕድሜው አንዴ ያየውን የልጅ ልጅ ትምህርቱን ሳይጨርስ ሊደግመው ነው ማለት ነው። የከሰል፣ የነዳጅና የጋዝ ጭስ ዋናው ምክንያት መሆኑም ከክርክር ወጥቷል።

አንድ ዲግሪ ምን አላት ትሉ ይሆናል። አማካዩ ትንሽ ከፍ ሲል ዳር ላይ ያለው ብዙ ይከፈታል፤ ጢም ብሎ የሞላ ጀበና ላይ አንድ ስኒ ውኃ እንደ መጨመር ነው። በጁን 2021 በካናዳ ሊተን የምትባለው መንደር 49.6 ዲግሪ ደረሰች። የአገሪቱ የቀድሞ ክብረ ወሰን በ1937 የተያዘው 45 ነበር። በማግስቱ መንደሯን እሳት በላት። በጁላይ 2022 ደግሞ እንግሊዝ፣ ያቺ የጃንጥላ አገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 ዲግሪ በላይ መዘገበች። የ2024 አማካይ የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ በላይ በልጦ፣ እስከዚያ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ሆነ።

ይህ ሁሉ የቴርሞሜትሩ ታሪክ ነው። የሰዉ ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል፤ እኔም ወደዚያ ልሻገር።

በጁላይ 1995 የአሜሪካዋ ቺካጎ ላይ ሙቀቱ 41 ዲግሪ ገደማ ደረሰ። ሌሊቱም አልበርድ አለ። ሰውነት ቀን የተቃጠለውን የሚጠግነው ሌሊት ነውና ሌሊቱ ካልበረደ ልብ ዕረፍት አያገኝም። አየሩ ወበቅ ከሆነ ላቡ አይደርቅም፤ ላቡ ካልደረቀ ሰውነት አይቀዘቅዝም። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ጥሙን እንኳ በጊዜው አያውቀውም። በጥቂት ቀናት ውስጥ የአስከሬን ማቆያው ሞልቶ ማቀዝቀዣ ያላቸው የጭነት መኪናዎች በር ላይ ተደረደሩ። ከንቲባው ቁጥሩ ተጋኗል ብለው ተከራከሩ። በእርግጥ የሙቀት ሞት ለክርክር ይመቻል፤ ጎርፍ ሬሳ ያንሳፍፋል፣ እሳት ዐመድ ይተዋል፣ ሙቀት ግን ምልክት የለውም። የሟቹ ወረቀት ላይ «የልብ ድካም» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ባለሙያዎች ሌላ ሂሳብ ይሠራሉ፤ በዚያ ሳምንት በወትሮው ስንት ሰው ይሞት ነበር? አሁንስ ስንት ሞተ? ልዩነቱ በቺካጎ 739 ሆነ።

ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለ የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያ «እነማን ናቸው የሞቱት?» ብሎ በየሰፈሩ ዞረ። በ2002 ባሳተመው መጽሐፉ ሁለት ጎረቤት ሰፈሮችን አስተያይቷል፤ ኖርዝ ሎውንዴልንና ሳውዝ ሎውንዴልን። የሚለያቸው አንድ መንገድ ነው። ሙቀቱ አንድ፣ ድህነቱ የሚቀራረብ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችም በሁለቱም በብዛት አሉ። በመጀመሪያው ሰፈር ከመቶ ሺህ ሰው 40 ሲሞት በሁለተኛው የሞተው 4 ነው። አሥር እጥፍ! የክላይነንበርግ መልስ ቀላል ነው። አንደኛው ሰፈር ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰዉ ለቆ የወጣበት ነበር። የቀሩት ሽማግሌዎች ዘራፊ ፈርተው በርና መስኮታቸውን ጠርቅመው ተቀመጡ፤ እዚያው ሞቱ። በሁለተኛው ግን መንገዱ ሰው በሰው ነው፣ ሱቁ ክፍት ነው። አሮጊቷ ዳቦ ልትገዛ ትወጣለች፣ ብትቀር «ምነው ዛሬ አላየናትም?» የሚል አለ። ሰዉን ያዳነው የአየር ማቀዝቀዣ ብቻ አልነበረም፤ «አላየናትም» የሚለው ቃልም ነበር።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ከሙቀቱ ሟቾች 41ዱ ቀባሪ ዘመድ ጠፍቶላቸው ከሌሎች ችግረኛ ሟቾች ጋር በአንድ ረጅም ጉድጓድ ተቀበሩ።

«አሜሪካ ነዋ፣ እዚያ ማን ማንን ያውቃል» እንዳንል ወደ ፈረንሳይ እንሻገር። ኦገስት 2003፦ ፈረንሳዮች በኦገስት ከተማውን ለቀው ወደ ባሕር ዳርቻ ይጎርፋሉ። ሐኪሙም፣ ሚኒስትሩም፣ ልጅም፣ የልጅ ልጅም ዕረፍት ላይ ነበሩ። እናትና አባት በፓሪስ ጣሪያ ሥር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አምስተኛና ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቀሩ። ወደ 15 ሺህ ሰው ሞተ። በመላው አውሮፓ የዚያ በጋ ተጨማሪ ሞት ከ70 ሺህ በላይ እንደሆነ ኋላ ላይ ተቆጠረ። የአገሪቱ የጤና ዋና ኃላፊ ሥራቸውን ለቀቁ። ሴፕቴምበር 3 ቀን ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቲዬ መካነ መቃብር 57 ሰዎች ተቀበሩ፤ ፈላጊ ያጡ ናቸው። ከቀባሪዎቹ መካከል ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ነበሩ። ርዕሰ ብሔር ቀባሪ የሆነለት ሰው ታላቅ ሰው ነው እንላለን። እነዚህን ርዕሰ ብሔሩ የቀበራቸው ግን ሌላ ቀባሪ ስላጡ ነው።

ከዚያ ወዲያስ? ይህን ያህል የሞተበት አገር ይማራል። ፈረንሳይ በ2004 የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋች፤ ማዘጋጃ ቤቶች ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን መዝግበው በሙቀት ቀን እንዲደውሉላቸው ተደረገ። በ2006 ሌላ ሙቀት መጣ፤ የሞተው ወደ 2 ሺህ ነው፤ በቀድሞው ሂሳብ ቢሆን ኖሮ ከ6 ሺህ ያልፍ እንደነበር ተገምቷል። ቺካጎም በ1999 ሲደገምባት ሠራተኞቿን በር ለበር አሰማርታ የሟቾቹ ቁጥር ወደ 110 ወረደ። «እነዚህ ሀብታሞች ናቸው» የሚል ካለ የህንዷን አህመዳባድን ይመልከት። በሜይ 2010 በአንድ ወር ከ1,300 በላይ ተጨማሪ ሰው ሞተባት። በ2013 የሙቀት ዕቅድ አወጣች፤ በስልክ መልእክት ማስጠንቀቅ፣ በየአደባባዩ የመጠጥ ውኃ፣ የጤና ሠራተኛ ሥልጠና፣ ኋላም የድሆችን ጣሪያ ነጭ ቀለም መቀባት። ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው የማይቻለው?

መማር ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ሙቀቱም አልቆመም። በ2022 በጋ አውሮፓ ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰው በሙቀት ሳቢያ እንደሞተ ተገምቷል። በጁን 2024 በሐጅ ወቅት መካ ላይ ቴርሞሜትሩ ከ51 ዲግሪ አለፈ። የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ሰው መሞቱን ሲያስታውቅ አብሮ አንድ ነገር ተናገረ፤ ከሟቾቹ 83 በመቶው ያለ ፈቃድ የመጡ ነበሩ። መዝገብ ላይ የሌለ ሰው ቀዝቃዛ ድንኳንም ቀዝቃዛ አውቶቡስም የለውም፤ በዚያ ፀሐይ ረጅሙን መንገድ በእግሩ ሄደ። በቺካጎ የተዘጋ በር፣ በፓሪስ ስድስተኛ ፎቅ፣ በመካ የሌለ ወረቀት። ሙቀቱ የሚመርጠው ያንኑ ሰው ነው፤ ማንም ያልቆጠረውን። የኛም ልጆች በየዓረቡ አገር በዚያ ሐሩር ይሠራሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ በበጋ ወራት ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን ትከለክላለች፤ ሕጉ ግን ወረቀት ለሌለው ሰው ምን ያህል እንደሚደርስ ለእናንተው እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ታክሲያችን እንመለስ። አዛውንቱ ልክ ነበሩ። ከ1960 እስከ 2006 ድረስ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ከሁሉ የሚገርመው የሌሊቱ ነው፤ ከ1960 እስከ 2003 ባለው ጊዜ «ሞቃት» ተብለው የሚቆጠሩት ሌሊቶች በዓመት በ137 በዝተዋል፤ ቀኖቹ ደግሞ በ73። «በመጋቢትም ጋቢ አይወልቅም ነበር» ማለት ተረት አልነበረም።

ሙቀቱ እኛ አገር የሚመጣው ደግሞ በራሱ ስም ብቻ አይደለም። አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ሲከፍሉ የሙቀት ካርታ መሥራታቸው ነበር። ከቆላው ሽሽት ደጋ ላይ የሠፈሩትም በከንቱ አይደለም፤ ንዳዱ አይወጣም ብለው ነው። በ1958 ግን ወጣ። ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት በነበረበት በዚያ ዓመት ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር መታ፤ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። ደብረ ዘይት አካባቢ የተሠራና በ2014 የታተመ ጥናትም ሞቃት ዓመት ሲሆን ወባው ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳይቷል። ቆላው ዳገቱን እየወጣ ነው።

እና እኛስ? «እኛ ዕድር አለን፣ ጉርብትና አለን፣ የፓሪስ ዓይነት ነገር እኛ ዘንድ አይደርስም» የሚል መልስ ምላሴ ላይ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ዕድራችን ሰውን ያለ ቀባሪ አይጥልም። ጡሩምባው ሲነፋ ሥራ ያለውም የሌለውም ይወጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ግን ልብ በሉልኝ፤ ዕድር የሚመጣው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለ «ምነው ዛሬ አላየነውም?» ይል የነበረው ዕድሩ ሳይሆን ቡና የሚያጣጣው ጎረቤቱ ነበር። የድሮው ሰፈር እየፈረሰ ሰዉ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲበተን ዕድሩ አብሮ ተጉዟል፤ ብዙ ሰው መዋጮውን ከሩቅ እየላከ ነው። ቡናው ግን አልተከተለም። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በብረት በር ጀርባ፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር የሆኑባቸው ስንት እናቶችና አባቶች እንዳሉ ቁጠሩ። የፓሪሶቹም እንዲሁ ነበሩ።

ዕድሮቻችን ግን የአባሎቻቸው ስም ዝርዝር አላቸው፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ቤት ለቤት የሚዞር ጡሩምባ ነፊ አላቸው። ፈረንሳይ 15 ሺህ ሰው ቀብራ የሠራችውን መዝገብ እኛ ሳንቀብር ይዘነዋል። ያንኑ መዝገብ በሙቀት ሳምንት ገልጦ፣ «እማማ እንዴት ዋሉ? ውኃ አለዎት?» ብሎ በር ማንኳኳት ምን ያህል ይከብዳል?

ሣሪስ ስንደርስ አዛውንቱን ደግፌ አወረድኳቸው። የያዟትን ትንሽ ፌስታል ተቀብዬ ጥቂት አብሬያቸው ተራመድኩ።

«አባባ፣ ቤት ሰው አለ?»

«የለም ልጄ። ልጆቹ አሜሪካ ናቸው። ቤቱም ቆርቆሮ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ይጋግራል» አሉና ፌስታላቸውን ተቀበሉኝ። ከዚያ የረሱት ነገር ትዝ እንዳላቸው ፈገግ አሉ።

«ግን አታስብ፤ የዚህን ወር ዕድር ከፍያለሁ።»